የክንድሽ ነገር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኦገስት 14 ቀን 2016

ውድ ልጄ ናዝራዊት፣

እንዴት ነሽ? አውስትራሊያ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን፤ ቢያንስ እናትሽ ደህና ነን ትላለች። በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስናወራ እናትሽ ባንቺአየሁ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ሁለታችሁም የሆነ ነገር እየደበቃችሁኝ ነው። እኔ ደግሞ ፓርኪንግ ስሠራ ስንት ዘመኔ! «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» የሚለኝን ውሸታም ገና መስኮቱን ሲያወርድ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እነዚያን ላብራቶሪሽ ውስጥ የምታረቢያቸውን ቢምቢዎች ነው። ክንድሽን ሳጥናቸው ውስጥ ከተሽ ደምሽን ስታጠጪያቸው በቪዲዮ ያሳየሽኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ «አባ፣ ሁሉም ኢንፌክትድ ናቸው» አልሽኝ! በሽተኛ ናቸው ያልሽኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቢምቢዎቹ የያዙት ባክቴሪያ ሰው እንደማይነካ፣ እንዲያውም በቢምቢዋ ሰውነት ውስጥ ሆኖ የዴንጊና የዚካ ቫይረስ እንዳይራባ እንደሚያደርግ በኋላ አስረዳሽኝ። ከእናት ወደ ልጅ በእንቁላሏ ይተላለፋል፣ አባትየው ግን ለልጆቹ አያወርስም ያልሽኝም ትዝ ይለኛል። እኛ ቤትም ወሬ እንደዚያው ሆኗል፤ በእናትና በልጅ መካከል ብቻ ይተላለፋል።

ባለፈው ወር ሳጥኑ ውስጥ ያየሁት ክንድ ግን ያንቺ አይደለም፤ ፀጉራም የወንድ ክንድ ነው። «ያንቺስ?» ስልሽ «ተራዬ አይደለም አባ» ብለሽ ካሜራውን አዞርሽው። ከዚያ ወዲህ ተራሽ ደርሶ አያውቅም። እናትሽ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች፤ በሩን ስከፍት «ኦኬ፣ በቃ፣ መጣ» ብላ ትዘጋለች። በገዛ ቤቴ «መጣ» የምባል ሰው ሆንኩ! ልጄ ታማለች፣ ያ ባክቴሪያ የሆነ ነገር ሠርቶባት ነው አልኩ። ልቤ ተሰቀለ።

ፍሬውን ታውቂዋለሽ፣ ፓሳዴና ላብራቶሪ የሚሠራውን። ባለፈው ቅዳሜ እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ምሳ ሊበላ ሲመጣ መኪናውን እየተቀበልኩ፣ ቢምቢዎቹን በክንድሽ ማብላት ለምን እንደተውሽ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ሲክ ናት ማለት አይደለም» አለኝ። «ምናልባት እርጉዝ ከሆነች ቢምቢዎቹን ፊድ እንድታደርግ አይፈቅዱላትም። ሶ ስቶፕ አድርጋ ይሆናል።»

ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግብኝ ነው የነቃሁት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

እርጉዝ ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አምና የምሥራቹን ለሰው ሁሉ ካዳረስን በኋላ ሲጨነግፍብሽ፣ «እንዴት ሆነች?» ላለኝ ሁሉ መልስ መስጠት እንዴት እንደጎዳኝ አይተሻል። ለእኔ አዝነሽ ይሆናል ዝም ያልሽው። ግን ልጄ፣ ከፋም ለማም አብሬሽ ልፍራ። ብቻሽን አትፍሪ።

ለማንም ትንፍሽ አልልም። እንዳወቅኩ ለእናትሽም አትንገሪያት፤ መደበቁን ወዳዋለች፣ ደስታዋን አላበላሽባትም።

ለባልሽ ለአምሃ ሰላም በይልኝ፤ ከባድ ዕቃ እሱ ያንሳ። የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ፤ አምላክ ከፊትም ከኋላም ይሁንልሽ።

ይህንን የሚጠይቁት ሴቶች ናቸው፤ ዘንድሮ ግን እኔ ልጠይቅሽ፦ ምን አማረሽ?

አባትሽ
ግዛው