ገረባውን አንተ ጣለው

ጀይላን፣

ውሃ ስለመጣ ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። ምስር ወጡን አሙቀህ ብላ።

ጫት ካቆምኩ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። አንተና ጓደኞችህ ሳሎን ስትቅሙ እኔ ሜክሲኮ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፣ በየቀኑ። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ምን እላለሁ?
ትናንት ስለጮህኩብህ ግን አትቀየመኝ።

ዛሬ ጠዋት ገረባችሁን ልጥል ወጥቼ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከጣላችሁት ቅጠል ደህና ደህናውን ስለቅም ከታች ያሉት እትዬ ወርቅዬ ደረሱብኝ።
"ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?"
"ቁልፍ" አልኳቸው።
ጎንበስ ብለው ገረባውን በእጃቸው እየበተኑ አብረውኝ ፈለጉ።

ከእንግዲህ አንተ ጣለው። እኔ አልቻልኩም። ነገን ሃያ አራት ልበለው ወይስ አንድ፣ አላውቅም።

እትዬ ወርቅዬን ካገኘሃቸው፣ ቁልፉ ተገኘ በላቸው።

ሁመድ