የወገብ ዕቃ ሁሉ ገደል ይግባ

ግንቦት 3፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ቀበቶውን ታጥቄ ቁጭ። በባትሪ ይንቀጠቀጣል። ሆዴን ያንዘፈዝፈዋል እንጂ ወገቤን የት አግኝቶት! ደግሞ ያሞቃል። አንተ ደብተር፣ እስቲ ፍረደኝ። በግንቦት፣ ሽንፋ ላይ፣ የእንስራ ውሃ እንኳ ሳይጣድ ለብ በሚልበት አገር፣ የሚያሞቅ ቀበቶ! ላቤ ተረከዜ ደርሷል። ባለቤቴ ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ አፍናለች። ያላየኋት መስሏት።

ቀበቶውን የሰጠኝ አድማሱ ነው። ትራክተሩ የሱ፣ ሹፌሩ እኔ። ፊቱ ስቆም አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ገጽ ላይ ግን አንቱታ የለም። ከድንበር ማዶ በመጣ ነጋዴ አስመጥቶልኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰኔ ሳይገባ ተነሥ አለ፤ ካልሆነ ከአብደራፊ ሹፌር አመጣለሁ። እየሳቀ ነው ያለው። ያ ሳቁ ነው ያቃጠለኝ።

ከመሪ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሰሊጥ እንዳላጭድ መጎንበስ የለም። ጆንያ እንዳልሸከም ጎንደር ያየኝ ዶ/ር ከልክሎኛል፤ የወገብህ ዲስክ ወጥቷል ብሎ። ሰኔ ሲገባ ትራክተሩ ላይ ካልወጣሁ አለቀልኝ ማለት ነው።

ቀበቶ፦ ከአሥር ዜሮ።

ግንቦት 6፣ ማታ 1 ሰዓት

መብራት የለም። በስልክ ብርሃን ነው የምጽፈው።

ቅስቱ መጣ። ስልክ ላይ አይቼ ከአ.አ ያዘዝኩት፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የደረሰኝ። የተቆለመመ ፕላስቲክ ነው፣ ጀርባው በሙሉ እሾህ እሾህ። ተኛበት፣ አከርካሪህ ይላቀቃል ነው ነገሩ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ተኝታበት ትስቃለች። ምን ያስቃታል? እሷ እኮ ምኗንም አላመማትም!

መመሪያው በቻይንኛ። ተኛሁ። መጀመሪያ ጥርሴን ነከስኩ፣ ቀጥሎ... እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ደስ አለኝ። ልነሣ ስል ግን የት ልነሣ! እንደተገለበጠ ኤሊ እጅና እግሬን ሳወራጭ ዝናሽና ጎረቤታችን ጎትተው አነሡኝ። ጎረቤታችን ከነገ ጀምሮ ለመንደሩ ታወራለች። ታውራ።

ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ያው ነገር መልሶ ነከሰኝ። ቀለል ያለኝ ጫማ እስካስር ነበር። ለዚህ ነው የዝናሽ ፍየል የተሸጠችው። ዝናሽ ባዶውን የፍየል ገመድ ጠቅልላ ሰቀለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅስት፦ ከአሥር ሁለት። ሁለቱም ለተኛሁባት ጊዜ።

ግንቦት 11፣ ከሰዓት

ቆሽቴ አርሯል።

ገበያ ላይ አንዱ በእጅ ፓምፕ የሚነፋ የወገብ ማሰሪያ ይሸጣል። ሲነፋ ወደ ላይ ይቆምና አጥንቱን ካጥንቱ ይስበዋል ይላል፣ አፉን ሞልቶ። ገዛሁ፣ ምን ላድርግ። ገና ቤት ሳልደርስ ፍስስ አለ። ተመልሼ ብሄድ ሻጩ ተሰውሯል።

ጎሚስታ ወሰድኩት። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ቆርጦ ለጠፈበት፤ እሰይ፣ ያዘ። ከዚያ አንዴ ልሞክርልህ ብሎ ወገቤ ላይ እንዳለ የመኪና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕረሰር አይለቅብኝም! ኧረግ! ትንፋሼ ተቋረጠ። ዓይኔ ፈጠጠ። ቁም ልለው አፌ አልከፈት አለ። የቆሙት ሳሉጎች፣ ለአረም ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ እያጨበጨቡ ሳቁ። ቆይቶ ራሱ ፈነዳ። ባይፈነዳ እኔ ነበርኩ የምፈነዳው።

ጎሚስታውን ሰደብኩት። እሱም ሰደበኝ። የልብ ወዳጄ ነበር እኮ።

በአየር የሚነፋው፦ ነጥብ አልሰጥም። ገደል ይግባ።

ማታ

ሹፌሩ ከአብደራፊ መጥቷል አሉ። ፋንታሁን ይባላል፣ ባለ ትዳር ነው። ሰኔን እንኳ አልጠበቀም አድማሱ። ነገ ትራክተሩን ያስነሣል።



ግንቦት 15፣ ጠዋት

ዛሬ ደሴ ይሞክርልኛል። ደሴ የዝናሽ ወንድም፣ መካኒክ። የትራክተሩ ሃይድሮሊክ አስቸግሮ ደሴ ግቢ ገብቷል፣ ዛሬ እዚያው ይውላል። ስልኩ ላይ ከውጭ አገር የአከርካሪ መሳቢያ ማሽን አሳየኝ። ሰውየው አልጋ ላይ ታስሮ ማሽኑ ቀስ ብሎ ይለጥጠዋል። ደሴ ምን አለ? «ይኸ እኮ መጎተት ነው። መጎተት ደግሞ የኛ ሥራ ነው!»

ዝናሽ እሪ አለች። አፈር ስሆን ተው አለችኝ። እኔ ግን ወንድሟን አመንኩ። በልቤ ፋንታሁን የኔ መሪ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚታየኝ።

ከሰዓት

ይኸው ተኝቼ ነው የምጽፍ።

ደሴ ግቢ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ብብቴ በገመድ ከኒሙ ግንድ ታሰረ፣ ወገቤ በሸራ ቀበቶ ከትራክተሩ ማንሻ ክንድ ጋር። ክንዱ ማረሻ የሚያነሣው ነው፣ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ይስበኛል፤ ሐሳቡ ይኸ ነው። ደሴ ሊቨሩን በሁለት ጣት ነካ አደረገው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ። መጀመሪያ ደህና ነበር። እንዲያውም ጀርባዬ ቋ ብሎ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ጨምር ብዬ ጮህኩለት። አዎ፣ እኔ ነኝ ጨምር ያልኩ።

ሃይድሮሊኩ አስቸግሮ የመጣ መሆኑን ሁለታችንም ረስተናል። ዘለለ! ክንዱ ባንዴ ዘለለ። ድምፄ ወንዙ ማዶ ተሰምቷል አሉ። ደሴ ገመዱን በቢላ ቆረጠው። ያለቅሳል፣ እኔን ከማየት ፊቱን አዞረ።

ቀኝ እግሬ ደንዝዟል። ብቆነጥጠው የሌላ ሰው እግር ነው። ፈራሁ። አንተ ደብተር፣ በጣም ፈራሁ።

ግንቦት 16

ጤ/ጣቢያ። የጤና መኮንኗ ወጣት ናት፣ ምላሷ ግን ምላስ አይደለም! ደሴንም እኔንም አንድ ላይ ልክ ልካችንን ነገረችን። እግሬን በመዶሻ መታች፣ በመርፌ ነካካች። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጎንደር ተነሥ፣ አትጠብቅ አለች። ክኒን፣ ቀስ ያለ እርምጃ፣ ሪፈር።

ከዚያ ጠየቀችኝ። እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝን። ቀኑን ሙሉ ምን ላይ ነው የምትቀመጠው?

ሳቅሁ። ወንበር ላይ ነዋ። ምን ዓይነት ወንበር አለች። የትራክተሩ ወንበር ሞላ ከተሰበረ ዘመን አልፎታል። ብረት ነው፣ ላዩ ላይ የታጠፈ ጆንያ። ግንቦት ላይ ዋልካው ተሰነጣጥቆ እግር ሲውጥ፣ ትራክተሩ በየስንጥቁ ሲነጥር፣ ያ ብረት ከወገቤ እስከ አናቴ ድረስ ነው የሚመታኝ። ከማለዳ እስከ ማታ። ይኸን ሁሉ ስነግራት የኔው ጆሮ ነው የደነገጠ።

እሷም ካርዱ ላይ ጻፈችው።

ግንቦት 18

አድማሱ ዘንድ ሄድኩ። እያነከስኩ። በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል። ከጤ/ጣቢያ የተባልኩትን ነገርኩት፣ አንቱ እያልኩ፣ ቆብ አውልቄ። ወንበሩ ይቀየር አልኩ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው! ቀበቶ ገዛሁልህ፣ ደግሞ ወንበር? አለ። ወንድ ልጅ ወገቡን እያባበለ አያርስም አለ። ፋንታሁን ምንም አላለኝ፣ እንዳንተ አልቅሶ አልመጣም አለ። የራሱ የአድማሱ መኪና ወንበር እኮ ሲቀመጡበት ይሰጥማል! ጫት ላይም፣ ሻይ ላይም፣ ትራስ ይደገፋል!

ደሜ ፈላ። ግን ምን አልኩ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። እግዜር ይስጥልኝ! መንገድ ላይ አፌን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝ።

ግንቦት 22

እግሬ እየተመለሰ ነው። አውራ ጣቴ ብቻ ገና።

ትራክተሩን በድምፁ አውቀዋለሁ። ከማሽላው ማሳ በኩል ይሰማኛል። ፋንታሁን ማርሽ ሲቀይር ያንቋርረዋል። አይችልም። ከልቤ ጠላሁት። አንድ ነገር ቢሰብር፣ አድማሱ ቢያባርረው፣ ሹፌር ሲያጣ እኔን በለመነኝ ብዬ ተመኘሁ። እጽፈዋለሁ፣ ተመኝቻለሁ።

ዝናሽ ያ ፕላስቲክ ከቤቴ ይውጣ ብላ ጣለችው። አንሥቼ መለስኩት። ተጣላን። የፍየሏ ነገር ተነሣ። ቀድሞም መነሣት ነበረበት።

ግንቦት 26፣ 11 ሰዓት

ፋንታሁን ቤቴ መጣ።

በሩ ላይ ቆሞ ሳየው የምሰድበውን አዘጋጀሁ። ዝናሽ ግባ አለችው። ሲቀመጥ አየሁት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በግራ ጎኑ አዘንብሎ፣ አየሩን እየሳበ። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

አቀርቅሮ፣ እያፈረ፣ ሰው ነግሮኝ ነው የመጣሁ አለ። ሁሉንም ሞክረሃል አሉ፣ የትኛው ይሻላል?

ከመጣ ገና ስንት ቀን ሆነው! እንዲህ በቶሎ? እልሄ ሁሉ ከሱ ላይ ተነሥቶ የት እንደሄደ አውቃለሁ። ወደ አድማሱ በረንዳ ነው የሄደው።

ቀበቶውንም ቅስቱንም አላሳየሁትም። ስለ ብረቱ ጠየቅሁት። ጆንያውን በድርብ አጥፎታል። እኔም አጥፌው ነበር አልኩት። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ነገረኝ። የኔንም ነገርኩት። ዝናሽ፣ እናንተ ሁለት ወንዶች ተራ በተራ እየሄዳችሁ አድማሱን ትለማመጡታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ባንዳችሁ ሌላችሁን ያስፈራራል አለች። እንዲህ ነው ያለችው። ወዲያው ደሴን አስጠራነው።

ግንቦት 27፣ ከሰዓት

ረፋድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደሴ የወንበሩን ቡሎኖች ፈታ። ተሸካሚው እሱና ፋንታሁን። እኔ በባዶ እጄ ከፊት። አድማሱ በረንዳ ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጥነው፣ ጆንያው እንደታጠፈ።

ይቀመጡበት አልነው። አንቱ ብለን፣ በትሕትና። አንዴ ብቻ፣ ሻይዎን እስኪጨርሱ።

አልተቀመጠም። ብረቱን አየው፣ እኛን አየን፣ አልተቀመጠም። ሌቦች ብሎ ጮኸ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ምን ሰረቅን? ወንበሩ እኮ በረንዳው ላይ ነው! አዲስ ወንበር እስኪገባ እኔም ፋንታሁንም ትራክተሩ ላይ አንወጣም አልነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር፣ እያመመኝም ቢሆን።

12 ሰዓት

ዘነበ። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ። መሬቱ ለሰሊጥ ደረሰ፣ ትራክተሩ ቆሟል።

ደሴ ወሬ ይዞ መጣ። አድማሱ ወደ ሳንጃ ደውሏል። ሌላ ሹፌር ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይገባል፣ ወንበሩም እንደነበረ ይታሰራል። ፋንታሁን ሰምቶ ራሱን ያዘ። ወደ አገሬ ልመለስ እንዴ አለ። የትም አትሄድ አልኩት፣ ዝናሽም እዚሁ እደር አለችው። ቅስቱን ገፍታ ከአልጋው ሥር ሰሌን አወጣችና መደቡ ላይ አነጠፈችለት።

ያንን የሳንጃ ሰው አላውቀውም። እሱም ወገብ አለው። አድማሱን ከማየቱ በፊት እኛን ያያል። ነገ ጠዋት እኔም ፋንታሁንም መናኸሪያ ቆመን እንጠብቀዋለን፣ ስለ ብረቱም እንነግረዋለን።