የተንጠለጠለው ድንጋይ

ሐምሌ 12 ቀን 1961

ዛሬም ዝናብ። ከሌሞ የመጡት ሴቶች ዱቄቱ ሻከረ እያሉ ባሌን ሲነታረኩት ዋሉ። ጠና ምን ያርግ? የወፍጮው ድንጋይ ዶልዱሟል፣ ተነስቶ መወቀር አለበት። ለማንሳት ስድስት ሰው ይፈልጋል። ባለወፍጮው አቶ ወንዳፈረው ግን ሰው አልቀጥርም፣ የሚያነሳ ሰንሰለት አስመጣለሁ አሉ።

ሐምሌ 15

ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተራመደ አሉ! ጓሮ የተከራየው አስተማሪ፣ ጋሽ ሳህሉ፣ ከራዲዮ ሰምቶ ነገረን። እዚያ ሁሉ ነገር ይቀላል አለ። እዚህ ስድስት ሰው የሚያነሳውን እዚያ አንድ ሰው ያነሳዋል። ጠና ሳቀ፣ እንግዲያው ድንጋዬን ይዤ ጨረቃ ልሂድ አለ። እኔ ፈራሁ... ምኑን እንደፈራሁ እንጃ።

ሐምሌ 19

ሰንሰለቱ መጣ። የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ወራጅ ላይ ሰቀሉት። ጠና ብቻውን ሳበ ሳበና ድንጋዩ ተነሳ። ያ የስድስት ሰው ድንጋይ! አየር ላይ ተንጠለጠለ። በአንድ ጣቱ ሲገፋው ሄደ።

"ገነቴ፣ ነይ ግፊው። ጨረቃ እኛ ከተማ፣ ሆሳዕና ድረስ መጣች።"

ገፋሁት፣ ሄደ። ሲመለስ ላቆመው ሁለት እጄን ዘረጋሁ... የት ይቆማል? ገፍቶ ጆንያው ላይ ጣለኝ። ጠና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆንያ ባይሆን፣ ግድግዳ ቢሆንስ?

ሐምሌ 20

ጋሽ ሳህሉን ጠየቅኩት። ከቀለለ ለምን ገፋኝ? አልቀለለም አለኝ። ክብደቱን ሰንሰለቱ ያዘልሽ እንጂ ድንጋዩ የትም አልሄደም። ጨረቃ ላይም ክብደቱ ይቀንሳል፣ ድንጋይነቱ ግን ያው ነው፣ መግፋቱም ማቆሙም እንደዚሁ ያስቸግራል። ስሙንም ነገረኝ፣ ግዝፈት። ያልገባኝ መሰለው።

"ጋሪ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ክብደቱን መሬት ይዞታል። ታዲያ ፊቱ ቆመሽ ደረትሽን ትሰጪዋለሽ?"

አልሰጥም አልኩ። ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ሐምሌ 22

ለጠና ነገርኩት። "ጨረስሽ፣ አስተማሪዋ?" አለኝ። ሰው ሊያይ እየመጣ ነው፣ በጣቱ ሲገፋው ጉድ ይላሉ፣ እሱም ደስ ይለዋል። ጋሽ ሳህሉን አንተ ንገረው ብዬ ለመንኩት፣ ነገረው። ጠና እሺ ጌታዬ አለ። እሺ ሲል አውቀዋለሁ...

ነሐሴ 3

ጋሽ ሳህሉ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። አሁን ማን አለኝ? ካገሬ ከሙዱላ ጠፍቼ የመጣሁት ጠናን ብዬ ነው። ወገኖቼ ዓይኗን አናይም ብለዋል። ድንጋዩ በሚነሳ ቀን ስራዬን ጥዬ በር ላይ እቆማለሁ። ቆሜስ ምን ላረግ ነው?

ነሐሴ 9

አየሁት። ድንጋዩ ወደ ግድግዳው ሲሄድ አየሁት። አልፈጠነም እኮ። ጠና ግድግዳውን እንዳይመታ ብሎ መሃል ገባ፣ በዳሌው ሊያቆመው... በር ላይ ነበርኩ። ጮኼ ነበር? ድምፄ ወጥቶ ነበር? አላውቅም። የሱን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

ነሐሴ 10

በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ዳሌው ደቅቋል አሉ። ይድናል ያለኝ ሰው የለም።

መስከረም 21 ቀን 1962

ጠና እቤት ነው። መራመድ የለም። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፣ ብቻዬን አቅፌ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ። ቀለልኩልሽ አይደል ይለኛል።

አቶ ወንዳፈረው ሌላ ሰው ቀጠሩ። ማቴዎስ ይባላል፣ አዲስ ሙሽራ ነው። ዛሬ ከአጥራችን ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ጠና ሰማ። ላብ አጠመቀው። ያ ሲስቅብኝ የነበረ ሰው እጄን ጭምድድ አርጎ ያዘኝ።

"ሂጂ ንገሪው። ያኔ ለኔ እንደነገርሽኝ አርገሽ ንገሪው።"

ሮጥኩ። ነገርኩት። ጋሪውን፣ ጨረቃውን፣ የባሌን ዳሌ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ነገርኩት። ማቴዎስ ጨዋ ነው፣ አላቋረጠኝም። ሲያልቅ "እሺ እህቴ" አለኝ።

ከዚያ ዞር ብሎ ድንጋዩን በአንድ ጣቱ ገፋ አረገው፣ ሚስቱ እንድታይለት።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም።