ባልዲ ያስሞላው ማስታወቂያ

ይድረስ ለእማዬ፣ ለሆዴ፦

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይስ አሁንም መሐል ላይ ያስቀምጥሻል? ጆሮሽስ? ታናሽ እህቴ ይህን ስታነብልሽ በደህናው ጆሮሽ በኩል ትቀመጥ፤ እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታነብብሽም ተቆጫት። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁም፤ ባለፈው የላክሁልሽ ፎቶ ነው አክስቶ ያሳየኝ።

ባለፈው በስልክ ስለ ሥራዬ ስነግርሽ መስመሩ ስለተቋረጠ አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠረኝ ሰዉን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር እንዳስተዋውቅ ነው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጠረጴዛዎቹ በየጠዋቱ ይወለወላሉ። የጎደለው ሰው ብቻ ነው። ፈተና ከደረሰባቸው ጥቂት ተማሪዎች በቀር ዝር የሚል የለም። ምክር ቤቱም በወሩ መጨረሻ መጥቶ ካየ በኋላ ባዶ ከሆነ መጋዘን ሊያደርገው ቆርጧል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ የተቀደደ መጽሐፍ ስትጠግን የኖረችው ኃላፊዬ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። እንባዋን እንዳላይባት ነው።

ፖስተር ለጠፍን፤ ዝናብ አወረደው። በራሪ ወረቀት በተንን፤ ባለሱቁ ስኳር ጠቀለለበት። ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲለን፣ ድምፅ ማጉያ ያለውን የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ለምኜ አገኘሁ። እስቲ እኔን አስቢኝ፤ ልጅ ሳለሁ “ከጉሮሮሽ አውጪው እንጂ!” እያልሽ የምትቆጪኝን! ማይኩን ይዤ “ውድ ነዋሪዎች” ስል በገዛ ድምፄ ደነገጥኩ።

ሰዉ ከየቤቱ ግር ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ለካስ የወጡት ባልዲና ጀሪካን ይዘው ነው! ያ መኪና ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ውኃ ሊቋረጥ ሲል ብቻ ኖሯል። ከ“ውድ ነዋሪዎች” በኋላ ያለውን ማንም አልሰማኝ። እኔ ስለ መጽሐፍ እለፈልፋለሁ፣ እነሱ ቧንቧ ይከፍታሉ። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ውኃው እውነትም ጠፋ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ጸጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ከነሳሙናዋ አስቀምጣ፣ በር ላይ ቆማ ረገመችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግሥቱ ኃላፊዬ በዚያው መኪና ዞሬ እንዳስተባብል ነገረችኝ። እሺ ልል ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። ወንድሜ የጎረቤታችንን መስኮት በኳስ የሰበረ ጊዜ በአጥር ላይ ሆኖ “ይቅርታ!” ቢል፣ እጁን ይዘሽ ወስደሽ በራቸውን አስንኳኳሽው። ይቅርታ በእግር ይሄዳል እንጂ አይወረወርም ያልሽው ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ በእግሬ ወጣሁ። በየበሩ እያንኳኳሁ ትናንት ውኃ ያስጨረስኳችሁ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እላለሁ። መጀመሪያ ያፈጡብኛል፤ ከዚያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ደግሞ ታዲያ ምን ልትዪ ፈልገሽ ነበር ይሉኛል። እማዬ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ወር ስጠብቀው ነበር! ጸጉር ሠሪዋ ለመግባት ምን እንደሚከፈል ጠየቀችኝ። “ምንም አይከፈልም” ብላት አላመነችኝም፤ ማዘጋጃ ቤት ያለ ደረሰኝ ምን ሰጥቶ ያውቃል አለችኝ። ሶፋ የሚያድሱት ሽማግሌ ግን ሳቃቸውን አቁመው “በዚያ በር ስንት ዘመን ሳልፍ፣ ግባ ያለኝ ሰው የለም” አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

በሳምንቱ ጸጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን አስከትላ መጣች። ሽማግሌው የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እኔ ግቡ እስክላቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የምክር ቤቱ ሰዎች በመጡ ቀን መቀመጫ ጠፍቶ ቆመው ነው የጎበኙት። አንደኛው ባለባልዲዋ የትኛዋ ናት ብሎ ጠየቀ፤ ሚስቱም በርሜል ሙሉ ውኃ ቀድታ ኖሯል። መጋዘኑ ቀረ። ኃላፊዬ ይህን ስትሰማ አሁንም ወደ መደርደሪያው ዞረች። በዚህኛው ጊዜ ግን ሄጄ አቀፍኳት።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ባለባልዲዋ ይለኛል፤ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የሰው በር ሁሉ ሳንኳኳ፣ ላንቺ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስጮህብሽ ኖርኩ። ሰማሽኝ እልሻለሁ፤ ሰማሁ ትይኛለሽ። እንዳልሰማሽ አውቃለሁ እኮ፤ እንዳላዝን ብለሽ ነው። ሥራው ይርጋልኝ እያልኩ ነበር የዘገየሁት፤ ይኸው ረጋ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ።

አንባቢዋን እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድሜን ጺሙን ተላጭቶ ይጠብቀኝ በይው። አክስቴን እንደናፈቀችኝ ንገሪያት። ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ፤ መስኮታቸው እንዴት ነው?

ስመጣ አልጮህም፣ እማዬ። በሩን አንኳኳለሁ፤ ባትሰሚኝም እስክትከፍቺልኝ እዚያው እቆማለሁ።

ልጅሽ
ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ጥቅምት 19 ቀን