አሥሩን አልለቅም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አልቀይርም። ብያለሁ አልቀይርም።

ወንድሜ ሙላት ከደሴ እረፍት ወጥቶ ሲመጣ እኔን ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኮምፒውተሬን ሊገድል ኖሯል። ሻንጣውን ሳያወርድ ሱቄ ገብቶ ተቀመጠና ኢንተርኔቱን ሞከረ። ያው እንደ ሁልጊዜው ቀዩ ምልክት ያለበት ገጽ መጣ፤ አልከፍትም አለ። አንብቦ እንኳ ሳይጨርስ ፈረደ። ይህ ዊንዶውስ አሥር ነው፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ከዚህ ወር ወዲህ ጠባቂ የለውም፣ አሥራ አንድ መጫን አለበት አለኝ።

ከክረምት ወዲህ፣ ኢንተርኔት ካስገባሁ ጀምሮ፣ አንድም ገጽ ከፍቶልኝ አያውቅም። ይህ እውነት ነው። ፎርም በኢንተርኔት የሚሞላ ሰው ሁሉ ዓይኔ እያየ ፊት ለፊት ወዳለው አዲስ ሱቅ ይሻገራል። ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። ግን የሙላት መድኃኒት ከበሽታው ይብሳል፦

- ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ከዜሮ ይጀመራል።
- ማሽኑ ስላረጀ አሥራ አንዱ በሕጉ አይቀበለውም። «በጎን አስገባዋለሁ» ይላል።
- ጥቁሯ ፕሪንተሬ ከዚያ በኋላ ላትሠራ ትችላለች። ከኮምፒውተሩ ጋር የምትግባባበት ሲዲ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል፤ ለአዲሱ የሚሆን ፈልጎ አጣላት።

በጎን የገባ በጎን ይወጣል አልኩት። ፕሪንተሯ ካልሠራች ሱቁ ሱቅ አይደለም። የእድሩ ደብዳቤ፣ የሠርጉ ጥሪ፣ ማመልከቻው፣ ሁሉም ከእሷ ነው የሚወጣ። ሌላ የምበላበት የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶብስ ይመለሳል። እስከዚያ ወስኚ ይለኛል። ወስኛለሁ እኮ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ገበያ። ቀና ሳልል ዋልኩ። የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የተዝካር ጥሪ፣ ከጽጽቃ የመጡ ሰዎች የበሬ ሽያጭ ውል። ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ያስገባልኛል፤ 11/02/2018፣ በእኛው አቆጣጠር። ይህን ያስተካከልኩት ሱቁን የከፈትኩ ጊዜ እኔ ራሴ ነኝ። በፈረንጅ ቀን ወጥቶ ቀኑ አይደለም ተብሎ የተመለሰ ማመልከቻ ስንት አይቻለሁ። የአዲሱ ሱቅ ወረቀት እስከ ዛሬ እየተመለሰ እኔ ዘንድ ይመጣል። የኔ ኮምፒውተር ሐበሻ ነው። ሰዓቱም በእኛ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል። እርግጥ ጥቅምት 29ንና 30ን አያውቃቸውም፤ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯንም አልሰማም። እነሱን በእጄ እጽፋለሁ፣ ወር ሲዞርም አስተካክለዋለሁ። እንከን የሌለበት ማን አለ?

ከሰዓት በኋላ መምህር ደሳለኝ መጣ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ነው። ሚስቱና ልጁ እዚያ፣ እሱ እዚህ። የዝውውር ፎርም በኢንተርኔት ሊሞላ ነው፤ ዓርብ ማታ ይዘጋል። በስልክ ሞክሮ ግማሹ ብቻ ነው የታየው። የአዲሱ ሱቅ ባለቤት ለቅሶ አምደወርቅ ወርዶ ዘግቷል። ስለዚህ ቀሪዋ እኔ ነኝ።

ሞከርኩ። ቀዩ ገጽ።

አፌ አያርፍ! እስከ ዓርብ እከፍትልሃለሁ፣ አታስብ አልኩት። እሱም አመነኝ፤ አመስግኖኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል። አባባ ለማኅሌቱ ከገጠር መጥተው ምሳ እኛ ዘንድ በሉ። ሙላት ነገሩን አነሣና ዳኛ አደረጋቸው። እኔን እያየ ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። እኔ የወረቀት ሴት ነኝና ነገሩ ሳይወድ በግድ አሳቀኝ።

አባባ ይህን ኮምፒውተር ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በዚያ ክፉ ጊዜ በአህያ ጭነን እሳቸው ዘንድ ወሰድነው፤ በጆንያ ጠቅልለው ጎተራ ውስጥ ጤፍ ስር ቀበሩት። ፕሪንተሯን ጭድ ስር። ከተማው ተዘርፎ ስመለስ ሱቄ በር እንኳ አልነበረውም። መብራት እስኪመጣ ስንት ጊዜ ጠበቅን፤ ሲመጣ ሰካሁት፣ በራ። ከቁልፎቹ መካከል የጤፍ ፍሬ እስከ ዛሬ ይወጣል። ሙላት ይህን ነው «አሮጌ» የሚለው።

አባባ ከእኛ ጋር በኽምጣኛ ነው የሚነጋገሩ፤ ተረቱን ግን በአማርኛ ተረቱት፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ደስ አለኝ፣ ረታሁ ብዬ። ቀጠሉና ወደ እኔ ዞሩ። ለመምህሩ ቃል ሰጥተሻል አሉ። ኮምፒውተሩ ያንቺ ነው፣ ቃሉ ግን አሁን የሰውየው ነው አሉኝ።

ሙላት ሲሸኛቸው እኔ ቤት ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

እሺ አልኩት። ይህን ስጽፍ እጄ ደስ አይለውም።

ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርኩ። እኔ በእልህ ብቀመጥ ሰውየው ሌላ ዓመት ከልጁ ተለይቶ ይከርማል። ፕሪንተሯ ብትሞት እንደምንም እሆናለሁ፤ እንዴት እንደምሆን ግን አላውቅም። ሙላት እሺታዬን ሲሰማ አልፎከረም። አንገቱን አቀርቅሮ ፋይሎቼን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመረ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ቢፎክር እሰድበው ነበር።

ግልበጣው ሳያልቅ መብራት ጠፋ። እሰይ አልኩ! ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሙላት ሳቀብኝ። መብራት ጠፋ ብላ እልል የምትል የኮምፒውተር ነጋዴ ዛሬ አየሁ አለ።

ነገ ጠዋት መብራቱ ከመጣ ይጭነዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አቡነ አረጋዊ። መብራቱ ሌሊት መጥቷል። ሙላት ቤተ ክርስቲያን ነበርና ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ። መምህር ደሳለኝ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ገጹን ጠራሁት። ያው ቀይ። ይህን ገጽ ሁልጊዜ ሳላነብ ነበር የምዘጋው። ዛሬ ግን ልንሰናበት ነውና በዚችው እንግሊዝኛዬ ቃል በቃል አነበብኩት። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ የኮምፒውተርሽ ቀን ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14፣ 2018 ነው፤ ልክ ካልሆነ አስተካክለሽ ድጋሚ ሞክሪ ይላል።

ረቡዕ? ዛሬ ዓርብ ነው፣ አረጋዊ ነው! ፌብሩዋሪንስ በጥቅምት ምን አመጣት?

ከዚያ ገባኝና ራሴን ያዝኩ። የእኛን ሁለተኛ ወር የፈረንጅ ሁለተኛ ወር፣ የእኛን 2018 የፈረንጅ 2018 አድርጎ ነው የያዘው። እነሱ 2025 ላይ ናቸው። ኮምፒውተሬ እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ፣ ከእነሱ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ቁጭ ብሎ፣ ክፈቱልኝ እያለ ሲያንኳኳ ከርሟል። ማን ያምነዋል?

ቀኑን በፈረንጅ አደረግኩት። ኦክቶበር 24፣ 2025። ሰዓቱንም። ገጹን ድጋሚ ጠራሁት።

ተከፈተ።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። አንድ ላይ ሞላነው፣ ሁለቴ አነበብነው፣ ላክነው። ደርሷል የሚለውን ማረጋገጫ በጥቁሯ ፕሪንተር አወጣሁለት። እንደ ልማዷ አጉረመረመች፣ ግን አወጣች። ወረቀቱን ገና ትኩስ እንዳለ ደረቱ ኪስ ከተተው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የኔም።

ሙላት በነጠላው፣ ፍላሹን ይዞ ሲገባ ገጹ ተከፍቶ አገኘው። የሆነውን ስነግረው፣ «እታለም፣ 2018 የሚለውን ሰኞ አይቼዋለሁ እኮ። ዓመተ ምሕረቱ ነውና ልክ መሰለኝ» አለ።

እኔስ? ስንት ዓመት ስመለከተው ልክ ነው የመሰለኝ። ልክም ነበር! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሙላት ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። አውቶብሱ ሊነሣ ሲል ፋይሎቼና አሥራ አንዱ ያሉበትን ፍላሽ በመስኮት ሰጠኝና፣ «ጠባቂ የለውም ያልኩሽ ግን እውነት ነው» አለኝ። አውቃለሁ። ቫይረስ ቢገባበት፣ አንድ ቀን ገጹ በእውነት እምቢ ቢል፣ ያን ጊዜ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት ለኢንተርኔቱ ብቻ ሌላ ማሽን እፈልግ ይሆናል። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ፣ ከመቀሱ ስር አስቀምጬዋለሁ። አልጣልኩትም።

ዛሬ ግን አሥሩ አሥር ነው፣ ፕሪንተሯም አለች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ፎርም ሊሞሉ መጡ፤ መምህሩ ነው የላካቸው። አዲሱ ሱቅም ተከፍቷል፣ እነሱ ግን አልተሻገሩም።

ልዘጋ ስል ቀኑን ወደ 15/02/2018 መለስኩት። ኢንተርኔት የሚፈልግ ሲመጣ ለኮምፒውተሬ የፈረንጆቹን ቀን አውሰዋለሁ፣ ሰውየው ሲሄድ የራሱን እመልስለታለሁ። ቀዩ ገጽ ስሕተት ነው ይበል። ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ነው።