አያ ታከለ ኮንሰርት የገቡ ዕለት

ጥር 13

ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብያለሁ። ለጥምቀት ከቆላ ድባ የመጡትን አጎቴን አያ ታከለን ኮንሰርት ይዣቸው ገባሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!

የዘፋኙ አዲሱ አልበም ከወጣ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማሁም፤ ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ዘፋኙ አንዴ እንዲያየኝ ከመድረኩ ሥር ቆሜ ስጮኽ ድምፄ ተዘጋ። ዞር ብሎም አላየኝ።

ልክ የምወደው ዘፈን ሲጀመር አያ ታከለ ዱላቸውን አነሱና፣ ሰርግ ቤት ለአዝማሪ ግጥም እንደሚሰጡት፣ "ተቀበል!" አሉት።

"ኧረ አያ፣ ይሄ አዝማሪ አይደለም! ግጥሙ ያለቀለት ነው፤ በአልበም ወጥቷል!" አልኩ በሰለለች ድምፄ።

"ታዲያ አፍ የለው?" አሉና በዱላቸው የተቆለሉትን ስፒከሮች እያሳዩ ቀጠሉ፦

"ድምፅህ ሸጋ ነበር፣ ጩኸቱ ሸፈነው፣
ይህን ሁሉ ሣጥን መቆለልህ ምነው?"

ዘፋኙ ሳቀ። ባንዱን አስቆመና ግጥሙን ተቀብሎ ደጋግሞ ዘፈነው። ስታዲየሙ በእልልታ ቀለጠ። አያን መድረክ ላይ አውጥቶ አቅፎ ሳማቸው። እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ቆሜያለሁ።

ስንወጣ፣ "ሸጋ ልጅ ነው። ስሙ ማነው?" አሉኝ።

ድምፄ ስለተዘጋ አልመለስኩላቸውም። ቢከፈትም አልነግራቸውም።