ሰኞ ሰኞ ሕልም የለኝም

ውድ ልጄ፣ ለምንዬ፣

የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ይበላሽብኛል። እጄ እንደምታውቂው ቀርፋፋ ነው፤ ልቤ ግን ዛሬ እጄን ጥሎት እየሮጠ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሻይ አፍልቼ ሁለቱንም ረስቼ አቀዘቀዝኩት። እንግዲህ ታገሺኝ፤ እኔ የአንቺን ስንቱን ጥያቄ ታግሼ የለ።

ለምንዬ ብዬ የጠራሁሽ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ ነው። ዝናብ ለምን ይወርዳል፣ ሰውዬው ለምን ያነክሳል፣ አንቺ ለምን ዝም አልሽ። ትምህርት ቤት ሳደርስሽ፣ ብርድ ሲሆን፣ እጅሽን ከእጄ ጋር ኮቴ ኪስ ውስጥ ትከቺውና መንገዱን ሁሉ ስትጠይቂኝ እንደርስ ነበር። የግራው ኪስ ከዚያ የተነሣ ተተርትሮ የሰፋሁበት ክር ዛሬም ይታያል። አድገሽ ሥነ ልቡና ልማር ነው ስትይ፣ ልብስ የማጥብበት ላውንደሪ ውስጥ ካውያውን የምትይዘው ጓደኛዬ፣ አንቺ እትዬ ካውያ የምትያት፣ «ድሮም ሰው ስትመረምር ነው ያደገችው፤ አሁን ወረቀት ሊሰጧት ነው እንጂ» አለች።

የመጨረሻው ዓመትሽ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይዘሽ መጣሽ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ዳቦው ገና ሳይቆረስ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምን አየሽ?» አልሽኝ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በአንድ ሰው ሕልም ላይ መሆኑን፣ ያ ሰውም እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ነገርሽኝ። የሰው ልብ ምድር ቤት አለው አልሽኝ። ቀን ቀን ማየት የማንፈልገውን ወደዚያ እንወረውራለን፤ ስንተኛ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን መልኩን ቀይሮ ነው፤ ቁልፍ ሆኖ፣ ውኃ ሆኖ፣ የማናውቀው እንግዳ ሆኖ።

«እኔ የምኖረው ኪራይ ቤት ነው፤ ምድር ቤት የለኝም» ስልሽ ሳቅሽና ጻፍሽው።

«ሰው ደግሞ ሃምሳን ሲያልፍ ወደ ውስጡ መመለስ ይጀምራል» አልሽ።

«እኔ ወደ ውስጥ የምመለሰው ዝናብ ሲመጣ ነው።»

እሱንም ጻፍሽው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ልጄ፣ እኔ ሕልም አላይም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ቆማ የምትውል ሴት ትራሱን ስትነካ ድንጋይ ናት። የመጀመሪያውን ጠዋት «አላየሁም» አልኩሽ። ሁለተኛውንም። አንቺ «ምንም አይደል» ብለሽ እስክሪብቶውን ስትከድኚ ፊትሽን አየሁት። ሦስተኛው ጠዋት ላይ አልቻልኩም።

የሥራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። ኪሱ ሁሉ ሳይገለበጥ አንድም ልብስ ውኃ አይነካም። ከኪስ የወጣው በፖስታ ይገባል፣ የደረሰኙ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያያዛል። በዋዜማው ከአንድ ሰው ኮት ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለች የወተት ጥርስ አግኝቼ ነበር። እሷ ትዝ አለችኝና «ጥርስ አየሁ» አልኩሽ። «አንዲት ትንሽ የወተት ጥርስ። አንድ ሰው መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ እስክመለስ ጠብቂልኝ አለኝ።»

እስክሪብቶሽ እንዴት እንደሮጠ። ዳቦው እጅሽ ላይ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። የአንዱን ቤት ቁልፍ፣ የሲኒማ ቲኬት ግማሽ፣ አንድ መስተዋት ብቻ የቀረለት መነጽር፣ ስምንት ጊዜ ታጥፎ እኔ ያልከፈትኩት ወረቀት፣ የወንዝ ጠጠር። ማታ ከኪስ የወጣው ጠዋት ሕልም ሆኖ ይመጣልሻል። ለጠጠሯ እንኳ ወንዝ አበጀሁላት፤ ድልድይም ጨመርኩ። ምን ክፋት አለው፣ ልጄ ትደሰት ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ ያየሁት የሚመስለኝ ጊዜም ነበር።

ጽሑፉን ባስገባሽ በአሥረኛው ቀን ታመምሽ። ሦስት ሳምንት አልሞላም። ይህን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺም እኔም እዚያው ነበርን። አንድ ነገር ብቻ፦ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሕልሞቹ ውሸት ናቸው ብዬ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ውኃ ላምጣልሽ?» ነው ያልኩት።

ካጣሁሽ ይኸው አሥራ አራት ወር ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ መምህርሽ ደወለ።

«እናታችን፣ የልጅዎን ጽሑፍ አስጠርዘን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልናስገባው ነው፤ አዲሶቹ ተማሪዎች ይማሩበታል። በሚቀጥለው ሳምንትም በስሟ ትንሽ ዝግጅት አለን፤ እርስዎም ይምጡልን።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። በዚያን ቀን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ኪስ አመለጠኝ። ነጭ ሸሚዞች መሐል ሰማያዊ እስክሪብቶ ገባ። እትዬ ካውያ ከማሽኑ ያወጣሁትን አይታ፣ «ምነው፣ ሸሚዝ ስጠብቅ ሰማይ አጥበሽ ሰጠሽኝ?» አለች።

ነገርኳት። ሁሉንም።

«ታዲያ ዝም በይ» አለች። «ማን ያውቅብሻል? የሚያውቀው አንቺና የሰው ኪስ ነው።»

«ልጄ እውነት ብላ ነው የጻፈችው።»

«ሕልም እኮ ነው። ሕልምን ማን መስክሮበት ያውቃል?»

«እሺ፣ ስሟ ውሸት ላይ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ? ልጆች እየመጡ ይማሩበት?»

«ብትናገሪና ቢጥሉትስ? ከእሷ የቀረው እሱ ነው።»

እሱን ነበር የፈራሁት። ብናገር ስምሽ ሊጣል ነው፤ ዝም ብል ስምሽ በእኔ ውሸት ሊቀመጥ ነው። እትዬ ካውያ ካውያውን አቁማ፣ «እንግዲያው ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ትናገሪያለሽ፤ ከጣሉት እኔ እሳደባለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይገጥም ቢሮ፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለ አበባ። መምህርሽ ለእኔ ወንበር ለመስጠት የአንድ ክንድ ቁመት ያህል ወረቀት አነሣ። እትዬ ካውያ አልቀመጥም ብላ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ለጸብ የተመቸ ቦታ መርጣ።

እኔም መተንፈሻ ሳልሰጠው ዘረገፍኩት። ጥርሷን፣ ቁልፉን፣ ቲኬቱን፣ ወንዙን ከእነ ድልድዩ። «እሷ አታውቅም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚሰረዝ ካለ የእኔን ስም ሰርዙልኝ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። አለቀልን ብዬ ነበር።

«እናታችን፣ ርዕሱን አላዩትም እንዴ?»

«የት አየዋለሁ? ስትተይብ ባለፍኩ ቁጥር በእጇ ትሸፍነዋለች። ሲያልቅ ትለኛለች።»

ጽሑፉን ወደ እኔ አዞረው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «እናቴ የፈጠረቻቸው ሕልሞች» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። እትዬ ካውያ ከበሩ መጥታ በትከሻዬ ላይ አነበበችና፣ «ወይ አንቺ፣ ለካ ዓመት ሙሉ ልጅሽ ፊት እርቃንሽን ስትጨፍሪ ነው የከረምሽው» ብላ መሳቅ ጀመረች። መምህርሽም ሊሳደብ የመጣ ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ከጽሑፉ ጋር ያስገባሽውን ደብተርሽን ከመሳቢያ አወጣልኝ። በእስክሪብቶ የጻፍሽው የእኔ ሕልም ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ በዚያች ጉንዳን በመሰለች ጽሕፈትሽ፣ እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ። ዛሬም አላየሁም አለች። ይህ አምስተኛው ሰኞ ነው። እሑድ ላውንደሪው ዝግ ነው። እማዬ ሕልሟን የምታመጣው ከሰው ኪስ ነው።»

አየሽ፣ እኔ አላስተዋልኩትም። እሑድ የማገላብጠው ኪስ ስለሌለ ሰኞ ሰኞ ሕልም የለኝም። ዘጠኝ ወር ሙሉ።

ከሥሩ ደግሞ፦ «ልንገራት? አይ፣ አልነግራትም። በቀን ሠላሳ ዓይነት ዕቃ ከኪስ ይወጣል። ከሠላሳው ለምን ይህኛው? ዕቃው የሰው ነው፤ የመረጠችው ግን እሷ ናት። ለምን ጥርስ? ለምን እስክመለስ ጠብቂልኝ የሚል ሰው ጨመረችበት? ከጓደኛዬ ጋር ቤት ልከራይ ነው ያልኳት በዚያው ሳምንት ነው።»

ረስቼው ነበር እኮ። ሐሙስ ማታ ነው የነገርሽኝ። «ጥሩ ነው፣ ከትምህርት ቤትሽም ይቀርብሻል» ብዬ ሰሃን ላጥብ ተነሣሁ። አንዱን ሰሃን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አትሂጂ አላልኩሽም። ጠዋት ግን ጥርስ አየሁ አልኩሽ፤ አንቺም ቤቱን ሳትከራዪ ቀረሽ። ለምን እንደተውሽው ጠይቄሽ አላውቅም። ለካ ነግሬሽ ኖሯል። እያታለልኩሽ መስሎኝ ሆዴን ስዘረግፍልሽ ከርሜያለሁ።

«ሰው ፈጥሮ ሲያወራም የሚቀዳው ከዚያው ጉድጓድ ነው» አለኝ መምህርሽ። «ብዙዎቻችን ይህን ከመጽሐፍ ነው የምናውቀው። እሷ ከቁርስ ጠረጴዛ አገኘችው።»

ደብተሩ ውስጥ በጻፍሽበት የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እንደማውቅ የምነግራት የምመረቅ ቀን ነው። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ትቆጣኛለች።» ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አደረግኩልሽ። እትዬ ካውያ መሐረብ ፈልጋ ቦርሳዋን ገለበጠችው፤ የወጣው የሰው ካልሲ ነው።

ትናንት እሑድ፣ አሥራ አራት ወር ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ግራጫ ጃኬትሽን አወረድኩ። ስንት ሺህ ኪስ የገለበጥኩ ሴት የአንቺን አልደፈርኩም ነበር። የአውቶቡስ ቲኬት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ግማሽ ብስኩት። ደብዳቤ አልጠበቅኩም። እኔ ኪስ አውቃለሁ፤ ሰው ኪሱ ውስጥ የሚያቆየው ኋላ እመለስበታለሁ የሚለውን ነው። በፖስታ አደረግኩት። የደረሰኝ ቁጥር ስለሌለው «ለምንዬ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ጃኬቱን በእጄ አጠብኩት። ውኃው ከቧንቧ ይሁን ከሌላ አትጠይቂኝ።

አሁን ደረስኩ። ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ሕልም አየሁ።

ያንን አሮጌ ኮቴን ለብሼ መንገድ ላይ ነኝ። አንድ እግሬ ጫማ የለውም፤ አላፈርኩም። መምህርሽ ላውንደሪያችን በር ላይ ቆሞ ደረሰኝ ይለኛል፤ «ገና ነኝ» ብዬው አለፍኩ። ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ውስጡ ሌላ እጅ አለ። ትንሽ፣ የሞቀ፣ ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱ። ዝቅ ብዬ አላየሁም። ካየሁ እንደምነቃ አውቄያለሁ። ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ መንገዱም ረዘመልኝ። አንድ ድምፅ «ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ደብተርሽን ፍለጋ ተነሣሁ። መምህርሽ ወስደሽው ቆዪ ብሎኝ እዚሁ ነው። ከመጨረሻው ገጽሽ ቀጥሎ ባዶ ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ ጻፍኩት፣ በእስክሪብቶ፣ ቀኑንም ጨምሬ። ለዝግጅቱ ኮቱን ለብሼ እሄዳለሁ፤ ተናገሪ ካሉኝም የጥርሷን ነገር ራሴ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ ይበቃል።

ምናልባት ይህንንም ፈጠርሽው ትዪ ይሆናል። ግን አስቢው፤ ትናንት ላውንደሪው ዝግ ነበር። የገለበጥኩት ኪስ የአንቺ ብቻ ነው፤ ውስጡም እጅ አልነበረም።

ጠርዙን ባዶ ትቼልሻለሁ።

እናትሽ
ሰኞ ጠዋት፣ ከቁርስ ጠረጴዛችን